የኔታ፣ «ጨጓራ» እና ማግኔቱ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2006

የኔታ ዛሬም «ጨጓራ ነው» ተባሉ። አክስቴ እታለም ይህችን ቃል ስትናገር ድምጿ ይቀጥናል፤ አባዬ ደግሞ ወዲያው ያስላል። ሁለቱም ውሸት አያውቁበትም። ቢያማክሩኝ አስተምራቸው ነበር።

የኔታ የአባዬ አባት ናቸው። ዲማ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ሆዳቸውን ሲያማቸው እኛ ጋ ማርቆስ መጡ። አገር ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኛ የልጅ ልጆችም እንደዚያው እንላቸዋለን። የጉበት ካንሰር እንደሆነ፣ ለቀዶ ጥገናም ጊዜው እንዳለፈ ሐኪሙ ለአባዬ ብቻ ነገረው። አባዬ ሰበሰበንና «ይህች ቃል አፋችሁ ላይ እንዳትገኝ! ከሰሙ በድንጋጤ ነው የሚሞቱብን» አለ።

እሺ። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቃል ሥር ሌላ ቃል ሲቆፍሩ ከኖሩ ሰው ነው የምንደብቀው!

ማክሰኞ

ወንድሜ ጌትነት ከአዲስ አበባ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው። ከስቷል። ከቦርሳው ጥቁር ውሃ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ።

«ምንድን ነው እሱ? የቡና አተላ?» አሉ የኔታ።

ጌትነት ማግኔት አስጠጋ። ጥቁሩ ሁሉ ተግተልትሎ ጠርሙሱ ጎን ላይ ተለጠፈ፤ ውሃው ጠራ። እታለም አማተበች።

«በዓይን የማትታይ ብናኝ ናት፣ የኔታ። ውስጧ ብረት ነው። ላይዋን ሲሊካ እናለብሳታለን፤ የአሸዋ ዘር ነው። ልብሷ ቀዳዳ ቀዳዳ ስላለው መድኃኒቱን እዚያ እንደብቃለን። በደም ሥር ትገባለች፤ ከውጭ በማግኔት ወደ ታመመው ቦታ እንስባታለን። መድኃኒቱ ሌላውን አካል ሳይጎዳ እዚያው ይፈስሳል።»

የኔታ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። «አንተ! ይሄማ ቅኔ ነው! ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከውስጥ። ማን አስተማረህ?»

«ከእርስዎ ጉባኤ ቤት ጠፍቼ የሄድኩ ጊዜ ነው የተማርኩት።»

«ለምን በሽታ ነው?»

«ለካን...» አባዬ አሳለ። እታለም «ሻይ ላምጣ?» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ሻይ ይዘን ነበር።

የኔታ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ለጨጓራስ ይሆናል?» አሉ።

ጌትነት ጫማውን አየ። አቤት ማየት! ጫማው ላይ ምንም የለም እኮ።

ረቡዕ

ወሬው ጎረቤት ደርሷል። ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሙሉ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የፈታውን ማግኔት ይዞ ከች አለ። «ማግኔት ከሆነ የጠፋው እኔ ሞልቶኛል!» የኔታ ላለማሳፈር ብለው ሆዳቸው ላይ አሳሰሩት። ሾርባ ስናቀርብላቸው ማንኪያው ሄዶ ጥብቅ። ተሳሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠና ፍራሹን ጨበጡ። ላብ አጠመቃቸው። ጋሽ ሙሉ ማግኔቱን ፈታላቸው።

ጌትነትን ከቤት ጀርባ አገኘሁት።

«መቼ ነው የሚደርሰው መድኃኒትህ?» አልኩት።

«ገና አይጥ ላይ ነን፣ ትዕግሥት። የኔ ብናኝማ እርስ በርሱ እየተጓጎለ እሱም አስቸግሮኛል። ሰው ጋ ለመድረስ...» አልጨረሰም። አለቀሰ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እኔ!

ሐሙስ

ሁሉም ለቅሶ ሄደው እኔና የኔታ ቀረን።

«ትዕግሥት የሌለሽ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ። በስሜ ሲቀልዱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉኝ። ዛሬ ግን ፊታቸው አልቀለደም።

«የዚህ ቤት ሰም ጨጓራ ነው። ወርቁን አንቺ ንገሪኝ።»

የማውቀው ውሸት ሁሉ ተሰልፎ መጣ። አንዱም አፌ ላይ አልቆመም።

«ካንሰር ነው፣ የኔታ። ጉበትዎ ላይ።»

መስኮቱን አዩ። ብዙ አዩት።

«የልጁ መድኃኒትስ?»

«ገና አይጥ ላይ ነው።»

«እንግዲህ አይጧ ትቅደም። እኔ ብዙ በልቻለሁ።»

እየሳቅሁ አለቀስኩ። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀለለኝ፤ ወረቀት የያዝኩ መሰለኝ። «ታዲያ እዚህ ምን ያስቀምጠኛል? ተማሪዎቼን መንገድ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» አሉ።

ዓርብ

ለአባዬ ራሴ ነገርኩት። «ገደልሻቸው!» ብሎ ጮኸ።

ከውስጥ የኔታ ተጣሩ። አባዬ እንባውን ጠርጎ ገባ።

«ያ ሳልህ ተሻለህ?» አሉት።

አባዬ እግራቸው ሥር ተደፋ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። ራሱን እየዳበሱ «አልደነገጥኩም፣ ልጄ። ብቻዬን ሳውቀው ነበር የከፋኝ» አሉት።

ጌትነት ትምህርቱን ትቶ ሊያስታምማቸው እንደሚፈልግ ተናገረ። ተቆጡ። «አንድ ጊዜ ከኔ ጉባኤ ጠፋህ። አሁን ደግሞ ከራስህ ልትጠፋ ነው? ሂድና ያን ብናኝህን ፍታው!»

ቅዳሜ፣ ዲማ

መንገዱ አሠቃያቸው። መኪናው በነጠረ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ድምፅ ግን አያሰሙም። አባዬ መንገዱን ሙሉ ከኋላ ደግፏቸው መጣ።

ተማሪዎቹ ደጅ ቆመው ጠበቁን። ማንም «ተሽሎዎታል» ብሎ አልዋሸም። ጎጆአቸው ውስጥ መደቡ ላይ አስተኛናቸው። አንዱ ተማሪ ቅኔውን እንዲያሰማ አዘዙት፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሁለት ቦታ አረሙት። ልጁ ተደሰተ እንጂ አላፈረም።

ጌትነት ነገ ይመለሳል። እኔና አባዬ እንቆያለን፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

አሁን ማስታገሻውን አባዬ ሰጣቸው። «ይሄ የካንሰሩን ሕመም ለማስታገስ ነው፣ አባባ» አላቸው። ድምፁ ተሰበረ፤ አላሳለም ግን።

ተኝተዋል። ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ነው የምጽፈው። ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይጠፋብኛል፤ ብዕሬን አቆማለሁ። ደግሞ ይመጣል።