ቆመህ የበላኸው እራት

ልጄ ነብዩ፣ ማርያም ከፊትም ከኋላም ትሁንህ፤ ከመኪናውም ከክፉ ሰውም ትሰውርህ። እኛ አሶሳ ደህና ነን። የጓሮው ማንጎ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። አባትህ ጉልበቱን እያመመው «ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ መደበቁን ከእሱ ነው የወረስከው።

እሑድ በቪዲዮ ስንነጋገር እራትህን ቆመህ በላህ። «ወንበር የለህም ወይ?» ብልህ ሳቅህ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እህትህን ውድነሽን ወጥሬ ስይዛት አወጣችው፤ በሆላንድ ብርድ ቀኑን ሙሉ በብስክሌት ምግብ ስታደርስ ውለህ ከወገብህ በታች ይደነዝዝሃል አለችኝ። ሳትወልድ ሳትከብድ! ይህ የሚያስቅ ነው? በስልክ እያሳቅህ ስለምታመልጠኝ ነው የጻፍኩልህ።

ደግሞ የብስክሌቱ መቀመጫ ላይ ስፖንጅ ደርበህበታል አሉ። ተው ልጄ! ድባጤ ሳለን የአህያችን ጀርባ ሲቆስል፣ አባትህ ከጭነቱ ስር ባለው ደላድል ላይ ጭድ በጨመረ ቁጥር ቁስሉ ባሰ። የዳነችው መሃሉን ከፍቶ ጭነቱ ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ እንዲያርፍ ሲያደርግላት ነው። አንተም መሃሉ ክፍት የሆነ የብስክሌት መቀመጫ፣ ስፋቱ ሁለቱን የመቀመጫህን አጥንቶች የሚይዝ ፈልግ። ሳትቀመጥበት እንዳትገዛ። ድንዛዜው ካልለቀቀህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ አትፈር። አህያዋ መናገር አትችልም ነበር፤ አንተ አፍ አለህ።

አምላክ አጥንትህን ያጽናልህ፤ የአብራክህን ክፋይ ለማቀፍ ያብቃኝ። ሌላ አልጠይቅህም፤ በሚመጣው እሑድ ተቀምጠህ አውራኝ። እያመመህ ደግሞ እንዳትቀመጥልኝ፤ ፊትህን አውቀዋለሁ።

እናትህ የዝና