ኮኩ ላይ የታሰረው ጨርቅ

ታኅሣሥ 8፣ 1970
ከቁስቋም ስመለስ የጎረቤቴ የዓለምወርቅ ልጅ ዓምሃ ግቢዬ ገብቷል። ኮክ ዛፌ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን በጨርቅ ይጠመጥማል።
«ምን እያደረግክ ነው?»
«ጋሽ ይገዙ፣ ሲደርስ ያዩታል!»
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ምን ደብቆ ነው? የተከለከለ ወረቀት? በዚህ ጊዜ? በኔ ግቢ?

ታኅሣሥ 9
ለቀበሌ ተናገርኩ። ቢገኝብኝስ? ይመክሩታል ብዬ ነው... ምክር! ይሄ አፌ።

ታኅሣሥ 11
ትናንት ጠዋት ዓምሃን ወሰዱት። ዛፉን ግን ማንም መጥቶ አላየም። ራሴ ፈታሁት።
ወረቀት የለም። የኮኩን ቅርፊት ሰንጥቆ እዚያው እንዲበቅል ቀጭን የፕሪም ቀንበጥ ሰክቶበታል። የእርሻ ተማሪ አይደል... ይህን እንዴት ረሳሁ?
ቀበሌ ሮጥኩ። «ተሳስቻለሁ» አልኳቸው። «አሁን እኛ ጋ የለም» አሉኝ። ከጋቢዬ ጫፍ ቀድጄ ቀንበጡን እንደነበረ አሰርኩት።

ታኅሣሥ 20
የዓለምወርቅ በየቀኑ እስር ቤት ስንቅ ታደርስለታለች። ዛሬ አጥሩ ጋ አቆመችኝ።
«ጋሼ፣ ማን የጠቆመበት ይመስልዎታል?»
«እኔ እንጃ።»
እኔ እንጃ አልኩ!

ጥር 14
ስንቁን መለሱላት። «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው። ምርር ብላ አለቀሰች፣ አፏን በነጠላዋ አፍና። ጎረቤት እንዳይሰማ። ጎረቤቱ እኔ ነኝ።

መጋቢት 3
ቀንበጡ አቆጠቆጠ። ምነው ደርቆ በቀረ! ግን ውሃ አጠጣሁት።

ሰኔ 19
በጠራራ ፀሐይ ከዛፉ ላይ ሳቅ ሰማሁ። ቀና ስል ማንም የለም። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ልቆርጠው መጥረቢያ አነሳሁ... አልቻልኩም።

ጥር 27፣ 1971
ኮኩ በሮዝ አበባ ተሸፍኗል። በመሃሉ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነጭ። የዓለምወርቅ በአጥሩ አይታ መጣች።
«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»
«ፕሪም ነው። ዓምሃ የሰካው።»
ግንዱን አቅፋ ሳመችው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠብቀው አቆዩልኝ» አለችኝ። አመሰገነችኝ! በቃ፣ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት። ጨርቁን፣ ቀበሌውን፣ እኔ እንጃ ያልኩትን።
ግንዱን ለቃ ወደ በሩ ሄደች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ከበሩ ስትደርስ ዞር አለች።
«ፍሬውን እንዳትቀምሰው።»
ጋሼ የለም፣ እርስዎ የለም። ውሃ አታጠጣው ግን አላለችኝም።

ጥር 28
በጠዋት ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። አጠጣሁት።