ሁለተኛው ጠመንጃና የመጋዘኑ ጥይት

የካቲት 12፣ ሐሙስ። ኮምቦልቻ፣ ተኩስ ሜዳ

ዛሬም ሁለተኛው ጠመንጃ በጠዋት። አንደኛውና ሦስተኛው ከሰዓት። አራተኛ ቀናችን ነው፣ ቅደም ተከተሉ አንድም ቀን አልተለወጠም። ጠዋት ነፋስ የለም፣ ሙቀት የለም። ከሰዓት ከቦርከና ወንዝ በኩል ነፋሱ ይነሳና አቧራውን ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። እንዲህ ከተወዳደርንማ እኔም በጠዋት ጎረምሳ ነኝ!

አንተ ደብተር፣ ላንተ ካልተናገርኩ ለማን ልናገር? ለሠራዊቱ አዲስ የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኛል። ስድስት ነን። እድሜዬን በሙሉ አልሞ ተኳሽ ያሠለጠንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሌሎቹ ሙያ ስብሰባ ነው። አድልዎ እንዳይኖር ተብሎ የሦስቱም ጠመንጃዎች ስም በፕላስተር ተሸፍኗል። ቁጥር ብቻ። የሁለተኛው አቅራቢ ወኪል ግን ከሰብሳቢያችን ከኮ/ሉ ጎን ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። ፕላስተሩ ምን ሠራ?

ተራው ይለዋወጥ አልኩ። ኮ/ሉ ፕሮግራሙ ታትሟል አሉ። በቃ፣ ታትሟል።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ። ደሴ፣ ሆጤ

ቤቴ ነኝ። ብርድ። ኮምቦልቻ ላብ፣ እዚህ ጋቢ። ጠመንጃም እንደ ሰው ነው፤ ታች ያስተካከልከው እዚህ ላይ ሲወጣ ሌላ ቦታ ይመታል። ደጋ ላይም እንሞክር ብዬ ነበር። ጊዜ የለም ተባልኩ።

ስለ ሐሰን ልጻፍ። ደጋን ከምትባለው ከተማ ነው፣ አስር አለቃ። ካሠለጠንኳቸው ሁሉ እንደሱ ቃታ የሚስብ አላየሁም። ሲተኩስ ትከሻው እንኳ አይነቃነቅም። ለሙከራው ዋና ተኳሽ ያደረግሁት እኔው ነኝ። የተመረጠውን ጠመንጃ መጀመሪያ ተረክቦ ግንባር የሚሄደውም እሱ ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። የአገልግሎት ዘመኑ በዚህ ወር ያልቃል፤ ጠመንጃውን ከተረከበ ግን ይራዘምለታል። ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

የካቲት 16፣ ሰኞ። ኮምቦልቻ

ተጨቃጨቅን። እስካሁን የተተኮሰው ሁሉ አቅራቢዎቹ ይዘውት የመጡት ጥይት ነው፣ አንድ በአንድ የተመረጠ፣ የሚያብረቀርቅ። ወታደሩ እጅ የሚገባው ግን የመጋዘናችን ጥይት ነው። በሱ ካልሞከርነው ምኑን ነው የምንመርጠው?

ወኪሉ ፈገግ ብሎ ጥይቱንም እኛ እናቀርባለን አለ። እሺ፣ ያንተ ሲያልቅስ? ተራራ ላይ ያለ ልጅ ያገኘውን ያጎርሳል እንጂ የሳጥን ጽሑፍ ሲያነብ አይውልም። ድምፄን ሳልጨምር አልቀረሁም። ኮ/ሉ አፍረው መሰለኝ ነገ ከሰዓት አንድ ሙከራ ፈቀዱ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት

የፈራሁት ደረሰ። የመጋዘኑ ጥይት፣ ከሰዓት ፀሐይ፣ ሐሰን። አንደኛው ጠመንጃ አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ፣ ትንሽ ቢበትንም። ሁለተኛው አምስተኛው ጥይት ላይ ቀጥ! የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀለህ ጥይት በሚጎርስበት ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። መዝጊያው በእጅ አልከፈት አለ። በመጨረሻ ሰደፉን መሬት ላይ ተክለን መዝጊያውን በእግር ረገጥነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉሮሮው የተሠራው ለራሳቸው ጥይት ልክክ ብሎ ነው፤ የኛው በፀጉር ያህል ይወፍራል፣ ብረቱ ሲግል ይነክሰዋል። አልሞ ተኳሽ አንዴ ከተኮሰ ያለበት ታውቋል። ሁለተኛውን መተኮስ ካልቻለ ሞተ ማለት ነው። ይኸን ለማወቅ ኮሚቴ ያስፈልጋል?

ወኪሉ ተነሳና ልጁ ጾመኛ ነው፣ እጁ ዝሎ ነው፣ መዝጊያውን በግማሽ ነው የሳበው አለ። ሐሰን ጆሮው ድረስ ቀላ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ኮሚቴው ምሳ ሲሄድ እኔና ሐሰን ሜዳው ላይ ቀረን። እሱ ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ፤ ለምሳ ማን ይጠራናል? ሁለተኛው ጠመንጃ በጠባቂው እጅ ነበር፣ ለመንኩት፣ ከመጋዘኑ ጥይት ጋር ሰጠን። በዚህ በእርጅና እጄ፣ በደንብ አድርጌ፣ እስከ መጨረሻው እየሳብኩ ተኮስኩ። ስድስተኛው ላይ ተጣበቀ። ሐሰን ሳቀ፣ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጋሼ ይመር፣ እርስዎም እጅዎ ዛለ እንዴ አለኝ።

ሮጬ ለኮ/ሉ ተናገርኩ። ከፕሮግራም ውጭ የተደረገ ሙከራ አይመዘገብም አሉ። እንዲያውም ያለ ፈቃድ መተኮሳችሁ ያስጠይቃችኋል።

የካቲት 20፣ ዓርብ

የሪፖርቱ ረቂቅ መጣ። ሁለተኛው ጠመንጃ ተመርጧል። በመጋዘን ጥይት ላጋጠመው እክል ምክንያቱ፦ “የተኳሹ የአካል መዳከምና የአያያዝ ጉድለት።” ስሙም ተጽፏል፣ ከነማዕረጉ። ከአልሞ ተኳሽነት እንዲነሳና ዘመኑ ሲያልቅ እንዲሰናበት።

አምስቱ ፈርመዋል። የኔ መስመር ባዶ ነው። አልፈርምም አልኩ። ኮ/ሉ አልተቆጡም፣ ያናደደኝም እሱ ነው። አምስት ድምፅ ይበቃል፣ ጠመንጃው ይገዛል አሉ። የምትቃወም ከሆነ የልጁን ስም ከሪፖርቱ እናወጣለን፣ ቴክኒካዊ እክል ብለን እናልፈዋለን፤ ያኔ ግን ዋና ተኳሻችን ስለሆነ የመጀመሪያውን ጠመንጃ እሱ ይረከባል። እስከ ሰኞ አስብበት።

እንግዲህ ይኸ ነው። ስሙን ባድን ያንን ብረት ተሸክሞ ግንባር ይሄዳል። ብፈርም ተዋርዶ ቤቱ ይገባል። ቱ!

የካቲት 21፣ ቅዳሜ። ሆጤ

ጠዋት በር ተንኳኳ። የሐሰን እናት፣ ወ/ሮ ዘሃራ። ከደጋን በመጀመሪያው መኪና። ልጃቸው በስልክ ነግሯቸዋል፣ ስሜን ሊያጠፉት ነው፣ ጋሼ ይመር ግን ከሪፖርቱ ያወጡልኛል ብሎ። ይግቡ እማማ አልኳቸው። እደጃፉ ላይ ነው የቆሙት።

እኔ ልጄን ከስም ማጥፋት አድንልኝ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። እጄን ያዙኝ። “ይመርዬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ልጄ መተኮስ አይችልም ብለህ ጻፍልኝ” አሉኝ። “ስም ያድጋል፣ ስም ይድናል። እሱን ከየት አመጣዋለሁ? ወላሂ፣ ሰነፍ ነው ብለህ ጻፍ፣ እውር ነው በልልኝ።”

ውሃ እንኳ አልጠጡም፣ ጾመኛ ናቸው። ሰኞ ገበያ እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ሸኘኋቸው፣ ሰዉን እየገፋን። ቃል አልሰጠኋቸውም። እሳቸው ግን አላህ ይስጥልኝ ብለውኝ ሄዱ።

የካቲት 22፣ እሑድ

ሐሰን ደወለ። እናቴ መጥታለች አይደል አለኝ። ለመዋሸት አልቻልኩም። ጋሼ፣ እንዳይፈርሙ አለኝ። እኔ ቀለህ ሲጣበቅ አውቃለሁ፣ ተጠንቅቄ እሠራበታለሁ፤ ሰፈሬ ግን መሳቂያ ሆኜ አልገባም። አስተማሪዬ ነዎት።

ቅዳሴ ሄጄ አንድ ቃል አልሰማሁም። ተናደድኩ፣ በኮ/ሉም፣ በእናትየውም፣ በልጁም። ከሁሉ በላይ ግን በራሴ፤ ባልመርጠው ኖሮ!

የካቲት 23፣ ሰኞ፣ በዓል ቢሆንም። 4 ሰዓት

ፈረምኩ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ሐሰን ዕቃውን አስረክቦ ደጋን ገባ። ልሸኘው መናኸሪያ ሄድኩ። አየኝ፣ ፊቱን አዞረ። አራት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ወ/ሮ ዘሃራ አንስተው ለሁለት ደቂቃ መረቁኝ። ምርቃቱ እንደ ስድብ ነው የተሰማኝ።

በሕይወት አለ። ደጋግሜ ለራሴ የምለው ይኸን ነው። ግን ጠመንጃው አልቀረም። ሐሰን ቀረ እንጂ ጠመንጃው ይሄዳል፣ በሌላ ሰው ትከሻ። ይኸን ሰኞ ስፈርም አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። የፈረምኩት የሌሎቹ እናቶች በሬን ስላላንኳኩ ነው።

የካቲት 29፣ እሑድ። ሆጤ

ደብዳቤ ደረሰኝ። ነገ አሥራ አንድ ሠልጣኞች ይመጡልኛል፣ በሁለተኛው ጠመንጃ። ስም ዝርዝራቸው ከፊቴ ነው። አንዱ ከሐይቅ፣ ሁለቱ ከወረኢሉ፣ የቀሩትን ቦታቸውን አላውቅም። መመሪያው የመጀመሪያው ሳምንት ማነጣጠር ይላል።

አይሆንም፣ ወስኛለሁ። ነገ ጥይት አይተኮስም። የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት የተጣበቀ ቀለህ ማውጣት ነው። ተኝተው፣ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ እስከ አሥር እስክቆጥር ድረስ። እስኪሰለቻቸው፣ እስኪጠሉኝ።

ለምን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ የሪፖርቱን ቅጂ አውጥቼ ስድስተኛውን ፊርማ አሳያቸዋለሁ።