የመድፉ ኋለኛ ግማሽ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ እንደምን ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዕድሜ ልኩን ብረት ሲያነሣ የኖረ ነው፣ አልፈርድበትም።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ይህን ደብዳቤ ራስህ አንብበው። ለባለቤትህ እንዳትሰጣት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንተ ዘንድ የመጣልኝ ወረቀት ሁሉ በእሷ እጅ የተጻፈ ነው። ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ የጠየቅክባት ያቺ ሁለት መስመር እንኳ የእሷ ጽሕፈት ናት። ለገዛ ወንድሙ ሁለት መስመር መጻፍ ያቃተው ሰው ወይ ንቆኛል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ንቀት ከአንተ አይመጣም። ስለዚህ ሁለተኛውን ይዣለሁ።

ተጠራጣሪ ነህ ትለኛለህ። ነኝ። እናታችን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» ስትል ሁለታችንም አጠገቧ ነበርን፤ የሰማኋት ግን እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

አባታችን ብረት ከሚፋቅበት ቶርኖ ማሽኑ ተነሥቶ የሚሄድባቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ቤቱና አሮጌ የእንግሊዝ የተራራ መድፍ አለ የተባለበት ሁሉ። ተፈታትቶ በበቅሎ የሚጫነው፣ አፈሙዙ ከወገቡ ለሁለት የሚከፈለው፣ በጥርስ ተሽከርክሮ የሚገጥመው ያ መድፍ። የአንድ መድፍ ሁለት ግማሾች አንድ ዓይነት ቁጥር ተመትቶባቸዋል፤ ቁጥራቸው የተለያየ ግማሾች ይናከሳሉ እንጂ አይቀመጡም። ይህን ለአንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግን ልጻፈው፣ ስጽፈው ንዴቴ ይበርድልኛል። የቁጥር 214 ፊተኛ ግማሽ ሠላሳ ዓመት ከቶርኖው ጎን ቆሞ ኖረ። አባባ ኋለኛውን ሳያገኝ ሞተ። በመጨረሻው ሳምንት ሁለታችንንም አልጋው አጠገብ አስቀምጦ «እነዚያን ሁለቱን አጋጥሙልኝ» አለን። ሌላ ኑዛዜ አልተናዘዘም።

ብረቶቹ ሰፊ ምድር ቤት ስላለኝ ወደ እኔ መጡ። በሕይወት የተረፉት መድፎች የት የት እንዳሉ የመዘገበበት ሰማያዊ ደብተር ወደ አንተ ሄደ። «በንጹሕ አስገልብጬ እልክልሃለሁ» አልከኝ። ላክህልኝ፤ በባለቤትህ ጽሕፈት። አሥራ አራት መስመር ነው። ዘጠነኛው ላይ 214 የሚለው ቁጥር ብቻ አለ፣ የቦታው ስም ባዶ ነው። ብጠይቅህ «አባባ በእርሳስ ጽፎት ደብዝዟል፣ አልነበብ አለን» አልከኝ። ብረት በብረት እየፋቀ ሲጽፍ የኖረ ሰው ምነው ለዚች መስመር ብቻ እርሳስ አማረው?

በእናታችን ቤት ዘመድ በተሰበሰበበት «ኋለኛውን ግማሽ ደብቀኸዋል» ብዬ ፊት ለፊት ነገርኩህ። ባርኔጣህን ወንበሩ ላይ ትተህ፣ ግድግዳውን እየዳሰስክ ወጣህ። «ጥፋተኛ ሰው በሩም ይጠፋዋል» ብዬ ለዘመዶቻችን ተረጎምኩላቸው። ሰባት ዓመት ሆነን።

ይህ የድሮው ነው። የአሁኑን ልንገርህ። አምና አምስተኛው መስመር ላይ ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የሌላ መድፍ ቁራጭ የመጋዘኑ ደረጃ አድርገውታል። ባለወፍጮውን ሦስት ቀን የምለምነው መስሎኝ ነበር፤ ልክ ሲጠብቀኝ እንደኖረ ሰው «ይውሰዱት» አለኝ። ያኔ ነው የጠረጠርኩት። ገልብጬ ባየው ጥርሱ ተጠቅልሏል፤ መጀመሪያ ግራሶ ቅባት፣ ከዚያ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ፣ ከዚያ ጨርቅ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፎ። ቋጠሮ የለውም። ቋጠሮ ውኃ ይይዛል የሚል ሰው በዓለም ላይ አባባ ብቻ ነበር። አባባና እኔ የምንጠቀልለው ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ይሄኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነበር። እንደዚያ የሚጠቀልል አንድ ግራኝ ነው የማውቀው።

ማን ጠቀለለው ብዬ ብጠይቀው ባለወፍጮው «እንጃ» ብሎ ወንፊቱን ማራገፍ ጀመረ። ሌላ ቁራጭ የደወል መስቀያ ሆኖ ወደቆመበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ያው ግራሶ፣ ያው ላስቲክ፣ ያው ግራኝ። ርዕሰ መምህሩም «እንጃ» አለ። አንድ «እንጃ» ሞኝነት ነው፤ ሁለት «እንጃ» ምክክር ነው። ሊወስደው ያላሰበ ሰው የሌላውን ብረት ለምን ግራሶ ይቀባል? እኔ ፈልጌ እስካወጣቸው ጠብቀህ፣ ሲሞሉ ለውጭ አገር ሰብሳቢ ልታስረክባቸው አይደለም? በል ካልሆነ ሌላ ምክንያት አምጣ!

ዛሬ ጧት ደግሞ ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው። «የጡብ ፋብሪካው በር ላይ የተንጠለጠለውን ክብደት ይመልከቱት፤ ይፍጠኑ» ብላ ቦታውን ነግራኝ ዘጋችው። ባለቤትህ ድምፅዋን አጎርንና ይሆን? የማይረባ ቱቦ አሸክማችሁ ልትስቁብኝ ይሆን? ነገ እሄዳለሁ። እዚያም የአንተን እጅ ካገኘሁ፣ ይህ ደብዳቤ የመጨረሻዬ ነው።

እስከዚህ የጻፍኩት ማክሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ልቀድደው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት ኋላ እነግርሃለሁ።

ፋብሪካው እየፈረሰ ነው። የጭስ ማውጫው ወድቋል፣ ሠራተኞች ከግድግዳው ላይ ጡብ እየነቀሉ ይደረድራሉ። በሩ ግን እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። በራሱ እንዲዘጋ የሽቦ ገመድ ታስሮለት፣ ገመዱ በመዘውር አልፎ ጫፉ ላይ ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል። ከሩቅ ሳየው አወቅኩት። ያንን የመድፍ ድቡልቡል ቂጥ ሠላሳ ዓመት አባባ በሳለው ሥዕል ላይ አይቼዋለሁ።

ዘበኛዋ የወንድ ካፖርት የለበሰች፣ ቁልፍ በወገቧ የታጠቀች ትልቅ ሴት ናት። ሰላምታ ሳልሰጣት «ታናሹ ነዎት?» አለችኝ። «የማን ታናሽ?» አልኳት። ሳቀች። «አዎ፣ እርስዎ ነዎት። ጥያቄን በጥያቄ ይመልሳል ተብያለሁ» አለች። በድምፅዋ አወቅኳት፤ የደወለችልኝ እሷ ናት።

ክብደቱን በሁለት ሠራተኛ አስወርደን ጥርሱን ፈታሁት። ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ግራሶ። ከቀኝ ወደ ግራ። «መጥቷል አይደል? እዚህም ቀድሞኛል! ሌባ!» እያልኩ ጮኽኩ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ያዩኛል። ዘበኛዋ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከዚያ የጡብ ክምር ላይ አስቀመጠችኝ፣ እንደ ልጅ።

ያለችኝን ሁሉ ልጻፍልህ። አንተ ብታውቀውም እኔ መስማቴን እወቅ።

መጀመሪያ የመጣኸው ከአራት ዓመት በፊት ነው አለችኝ። ባለቤትህ በማጉያ መነጽር ስንት ጊዜ ደክማ ከዘጠነኛው መስመር አንዲት ቃል ብቻ አወጣች፣ «ጡብ» የምትል። በዚያች ቃል ብቻ፣ ሁለታችሁ በየጡብ ፋብሪካው ዞራችሁ። ስድስት ፋብሪካ አለች። ብረቱን ስታገኘው የፋብሪካው ባለቤት ሌላ ክብደት አምጡና ውሰዱት ብሎህ ነበር። አንተ ግን እንዲህ አልካቸው አለች፦ «እኔ ብወስድለት አይሆንም። አሁን አገኘሁት ብዬ ብነግረው፣ ያኔም ታውቅ ነበር ይለኛል። ራሱ ፈልጎ ያግኘው። መምጣቴን አትንገሩት፤ ካወቀ አይነካውም።»

ወንድምዓለም፣ እውነትህን ነው። እንደዚያ ነበር የምልህ። ቃል በቃል።

ባለወፍጮውንም ርዕሰ መምህሩንም እንዲሁ አስምለሃቸዋል አለችኝ። በየዓመቱ እየመጣህ ግራሶ ትቀባለህ፣ ጨርቁን ትለውጣለህ፣ ከእሷ ጋር ሻይ ጠጥተህ ትሄዳለህ። ዘንድሮ ቀረህ። ዘንድሮ ደግሞ ፋብሪካው ፈረሰ፣ ብረቱን ሁሉ የሚወስደው የማቅለጫው መኪና ለዓርብ ተቀጠረ። ቃሏን ላለማፍረስ አንድ ሳምንት ጠበቀችህ። በመጨረሻ «ድንገት ቢቸግር» ብለህ አንተ የሰጠሃትን የእኔን ስልክ ቁጥር ከካፖርቷ ኪስ አወጣች። ስላፈረሰችው ቃል ይቅርታ በልልኝ ብላለች።

አሁንም አላረፍኩም። የኔን ጠባይ ታውቃለህ። «መድፉ የእኛው መሆኑን በምን አወቀ?» ብዬ ጠየቅኳት። «በቁጥሩ» አለችኝ። ቁጥሩ ዝገት ውስጥ ነው፣ እኔ ራሴ መነጽር አድርጌ አላየሁትም አልኳት። በመጀመሪያው ዓመት ጓንትህን አውልቀህ በጣትህ ነበር የፈለግከው አለች። አምና ግን ባለቤትህ ክንድህን ይዛ እጅህን ቁጥሩ ላይ አስቀመጠችልህ። ሁለት አልክ፣ አንድ አልክ፣ አራት አልክ፣ ከዚያ ሳቅህ መጣ፣ ከዚያ ሌላም ነገር መጣ። «መሽቶ ነበር እንዴ?» አልኳት። ዘበኛዋ «ኧረ ቀትር ነበር» አለችኝ።

ብረቱን አስጭኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በመንገድ ላይ የሰባት ዓመቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። የተውከውን ባርኔጣ አሰብኩት። ግድግዳውን የዳሰስክበትን እጅ አሰብኩት። ለዘመዶቻችን የተረጎምኩትንም። አፈርኩ፣ ወንድምዓለም። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚህ አፍሬ አላውቅም። ምነው አንድ ጊዜ እንኳ «ዓይኔ አያይም» ብለህ ብትጮኽብኝ? አውቃለሁ፤ ምን እንደምልህ አንተም ታውቅ ነበር። ይህን ማወቅህ ነው ከሁሉ የሚያንገበግበኝ።

ብረቱ አሁን ምድር ቤቴ ነው። ከፊተኛው ግማሽ ፊት ለፊት ሁለት ጣውላ ላይ አጋድሜዋለሁ። ቁጥሩን በመርፌና በጨርቅ አጽድቼዋለሁ፤ 214 ነው። ግን አልገጠምኩትም። አንዱ ሲይዝ ሌላው ማዞር አለበት፣ ለብቻ አይሆንም። አባባ ሲያስተምረን «ጥርስ በዓይን አይገባም፣ በጣት ነው» ይል አልነበር? ማዞሩ የአንተ ነው። ያዢው እኔ ነኝ፣ ጉልበቴ ለዚያ ያህል ይበቃል። ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ በሰው እልክልሃለሁ፤ ቅዳሜ ጧት መኪና ይዤ በርህ ላይ እቆማለሁ። አልሄድም እንዳትለኝ፤ እጠረጥርሃለሁ።

እትዬ፣ አሁን ደግሞ ላንቺ ነው። ይህን እያነበብሽለት ያለሽው አንቺ መሆንሽን አውቄያለሁ። መጀመሪያ ላይ የለመንኩትን ልመና አንሥቼዋለሁ። የማክሰኞውን ወረቀት እንዳትዘልዪው፤ ስለ አንቺ ያልኩትንም ጭምር፣ ድምፅሽን ሳትቀንሺ አንብቢለት። ያልቀደድኩት ለዚህ ነው። ምን ዓይነት ወንድም ይዞ እንደኖረ ሙሉውን ይስማና ከዚያ ይፍረድ። ድምፅሽንም አጎርንነሻል አልኩ፤ ይቅር በይኝ። ሰባት ዓመት የጻፍሽልኝ እጅሽ ይባረክ። ልጆቻችሁ ይባረኩ። ቤታችሁ ሰላም አይለየው።

ለወንድሜ አንድ ነገር ጨምሪልኝ። ጨርቁን መልሼ ጠቅልዬዋለሁ በይው፤ ከቀኝ ወደ ግራ። እጄ ስላልለመደው ተንጋዷል። መጥቶ ያስተካክለው።

ታናሽህ