አልተፈወሰችም ብለህ ንገራቸው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲነካህ የሚነሣብህ ሳል ዘንድሮስ ተወህ? እናታችንስ ጉልበቷ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃውን የምትወጣው ግድግዳ እየያዘች ነው ወይስ መደገፊያውን አሠራህላት? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለው እየከፋ ስለሚሄድ ሰላምታዬ የይስሙላ እንዳይመስልህ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርህ። ለእናታችን ጮክ ብለህ የምታነብላት ከሆነ እዚህ ላይ አቁምና የቀረውን ለብቻህ አንብበው። የእኔን ጤና ከጠየቅህ፣ የደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ ከፍ ያደረግኸውም አንተ ነህ።

ቅዳሜ ዕለት እናታችን ደወለችልኝ። ገና ሃሎ ሳልል «አንተ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎልን ለእናትህ ሳትነግራት ትከርማለህ?» ብላ ወቀሰችኝ። ምን ተደረገልን አልኳት። «ሚስትህ ተነሣች አይደል እንዴ። ወንድምህ በጉባኤው ፊት ተናገረ። ማሽኑን ጥላ ወጣች ሲል ሰዉ ሁሉ ብድግ አለ። እኔማ እልል ስል ጉሮሮዬ ተዘጋ» አለችኝ፤ እውነትም ድምፅዋ ሻክሯል። ይህን ስትነግረኝ የቆምኩት ሆስፒታል ውስጥ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍሉ በር ላይ ነበር። በመስታወቱ በኩል ባለቤቴ ትታየኛለች። ደሟ ከክንዷ በቱቦ ይወጣል፣ ጥላ ወጣች ባልከው ማሽን ውስጥ ይዞራል፣ ኩላሊቷ ማጣራት ያቃተው ተጣርቶ ይመለስላታል። ለእናታችን «እንነጋገራለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ደስታዋ መሐል እውነቱን በስልክ ልነግራት አልሆነልኝም። ያን ሥራ ለአንተ ትቼዋለሁ፤ እልልታውን ያስጀመርከው አንተ ነህና።

የሆነውን ማን እንደነገረህ፣ በምን መልክ እንደደረሰህ አላውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እጽፍልሃለሁ።

«እዚያ ያሉ ወገኖች እየመጡ ይጸልዩላታል» ብለህ ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ ጠያቂ እየሳሳ ሄዷል፤ የሰው ድምፅ ናፍቋት ነበር። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ብርቱካን ይዘው መጡ፤ እኔም ሻይ አፍልቼ አስተናገድኳቸው። መሪያቸው ትልቅ ጥቁር ቦርሳ የማይለያት ሴት ናት፤ ስሟን ማንሣት ስለማልፈልግ ባለ ቦርሳዋ እላታለሁ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሕመሙ እንዴት እንደሚያደክማት መናገር ስትጀምር ባለ ቦርሳዋ እጇን አንሥታ አስቆመቻት። «እኅቴ፣ ታምሜያለሁ የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከአፍሽ አስወግጂ። ኩላሊትሽ አዲስ ነው። በይ ራስሽ አውጂው» አለቻት። ባለቤቴን ታውቃታለህ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሕፃናት ስታስተምር የኖረች፣ ሰው ፊት እምቢ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። «አዲስ ነው» አለች። እኔ ሐኪሙ ያለውን ላስረዳ ብሞክር «ወንድማችን፣ የተማረ ሰው ማመን ያስቸግረዋል» ብላ ፈገግ አለችብኝ። አብሯት የመጣው ጎልማሳ ደግሞ ሻዬን እየጠጣ «ምናልባት በዚህ ቤት ንስሐ ያልተገባበት ነገር ይኖር ይሆን?» አለ። ስኳር ልጨምርለት የያዝኩትን ማንኪያ መልሼ ስኳሩ ውስጥ ተከልኩት።

ከዚያ ወዲህ እኔ ሥራ ስሄድ ጠብቀው መምጣት ጀመሩ። ይህን ልብ በልልኝ። ወደ ማሽኑ መመለስ የተቀበልሽውን ፈውስ መካድ ነው ብለው ነገሯት። እሷም አመነቻቸው፤ የላክሃቸው አንተ ነህ፣ አንተን ደግሞ እንደ ልጇ ነው የምታይህ።

እኔ ያወቅሁት ከታክሲ ነጂው ነው። ያን ዕለት ሥራዬ ላይ ነበርኩ፤ አንድ ወፍጮ ቤት ሚዛን ልመረምር ገብቼ ክብደታቸው የታወቀውን መፈተሻ ብረቶቼን ሚዛኑ ላይ እየደረደርኩ ሳለሁ፣ በቀጠሮዋ ቀን ሁልጊዜ ሆስፒታል የሚወስዳት ሰውዬ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ተቀያይመናል እንዴ?» አለኝ። ለምን አልኩት። «እትዬ ዛሬም አልሄድም አሉኝ። ሌላ ታክሲ ይዘው ከሆነ ይንገሩኝ፣ አልከፋም» አለ። ዛሬም ማለት ምን ማለት ነው ስለው፣ «ባለፈውም ቀርተዋል እኮ። ዛሬ ደግሞ እግራቸው ጫማ አልገባ ብሏቸው በባዶ እግራቸው ነው በር የከፈቱልኝ» አለ። ብረቶቹን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነጋዴዎች ባወጡልኝ ስም «ኧረ አቶ ግራም ግራሙን ረሳ» እያለ ከኋላዬ ሲስቅ ይሰማኛል።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ወንበር ላይ ነበረች። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት መተኛት አልቻለችም። ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠቧል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ባለ ቦርሳዋ አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ይዛ «ይህ የሥጋ ምልክት ነው፤ አትመልከቺው» ትላታለች። «እመቤቴ፣ ቦርሳዎን ይያዙና ይውጡ» አልኳት። እስከዚህ ድረስ በትሕትና ነበር። «ፈውሷን እየከለከሏት ነው» ስትለኝ ግን ቦርሳውን ራሴ አንሥቼ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩት፤ እሷም ተከትላው ወጣች። ባለቤቴን ከታክሲ ነጂው ጋር ተሸክመን አወረድናት። ሐኪሙ ሲያያት «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ወደ ሥራው ሄደ።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ስገባ ግምጃ ቤት ኃላፊው ብረቶቹ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። ሰውዬው በእምነታችን መቀለድ የሚወድ ነው። ምን እንደገጠመኝ ስነግረው «ታዲያ ያ ሁሉ ጸሎታችሁ የት ገባ? እንዲህ ከሆነማ ከአምላክህ ማሽኑ ይሻልሃል» አለኝ። ብረቶቹን ላመጣ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰሞን ለራሴም መልስ አልነበረኝም።

አንተ ግን መልስ አይቸግርህም። ብትፈወስ በእናንተ ጸሎት፣ ባትፈወስ በእሷ ጉድለት። ምንም ቢጫንበት ለባለቤቱ የሚያደላ ሚዛን ገበያ ውስጥ ባገኝ እዚያው አሽጌ ሰውዬውን እከሰዋለሁ፤ አንተ ይህን ይዘህ መድረክ ላይ ትወጣለህ። እግዚአብሔር አይፈውስም እያልኩህ አይደለም። እንዲፈውሳት እኔም እለምነዋለሁ። የሚለምን ሰውና ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውጅ ሰው ግን ለየቅል ናቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንዲህ አልጽፍልህም ነበር። እብጠቱ ወረደ፣ ትንፋሿ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን መጸለይ አቆመች። ማሽኑ ላይ ስትሆን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ቀን ለብቻችን ስንሆን ነገረችኝ። «ሌላው ሰው አምኖ ይነሣል። እኔ ካልተነሣሁ ድሮም አላምንም ነበር ማለት ነው። ታዲያ አሁን ማን ነኝ ብዬ እጠራዋለሁ?» አለች። ኩላሊቷን የወሰደባት በሽታው ነው። ጸሎቷን የወሰዳችሁባት ግን እናንተ ናችሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያቆማትም ይኸው ነበር።

እኔ ማጽናናት አልችልበትም። መልካም ቃል እንኳ ከአፌ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ይመስላል ትለኛለች። የምችለው መመርመር ነው። ስለዚህ በቀጠሮዋ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ የጌታን መከራ፣ ከተያዘበት ምሽት አንሥቼ መስመር በመስመር አነብላት ጀመር። በውስጤ የምፈትሸው አንተን ነበር። ለትምህርትህ የምትሆን አንዲት መስመር ካገኘሁ ልቀበልህ ቆርጬ ነበር። ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ፤ አላለፈለትም። በእናንተ አቆጣጠር የእሱ የእምነት ጉድለት የቱ ጋ ነው? ነፍሱ ምን ያህል እንዳዘነች ለወዳጆቹ ነገራቸው፤ ሐዘኑን አልሸሸገም። ጠምቶት መጠማቱን ተናገረ። ሲያመው እያመመው እንደሆነ ደብቆ አንድ ነገር አላወጀም።

እንዲህ እያልን ኮረብታው ላይ ደረስን። አላፊ አግዳሚው ራሱን እየነቀነቀ ይሰድበዋል፤ አለቆቹም አብረው ያላግጡበታል። የእግዚአብሔር ልጅ ከሆነ እስቲ ይውረድ፣ ያኔ እናምንበታለን ይላሉ። እዚህ ላይ ባለቤቴ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። «እሱን ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «ይህማ የባለ ቦርሳዋ ቃል ነው» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ክንዷ ተንቀሳቅሶ ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሷ ሮጣ መጥታ «ምን ሆናችኋል? መርፌው ቢወጣ ሳቁ ለእኔ ነው የሚተርፈው» ብላ ሁለታችንንም ተቆጣችን። ያኔ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞሮ ነበር። አንድ እጇ ታስሮ ስለነበር እንባዋን እኔ ጠረግሁላት።

አልወረደም፣ ወንድሜ። መውረድ ይችል እንደነበር አንተው ታስተምራለህ። የጠየቁት ምልክት መውረዱ ነበር፤ እሱ እስኪሞት እዚያው ቆየ። መቆየቱን አይቶ ይህማ እግዚአብሔር የተወው ሰው ነው ያለው የሚያላግጠው ወገን ነው። ከሥሩ የቆመችው እናቱ እንዲህ አላለችም። የእኔ ግምጃ ቤት ኃላፊና የአንተ ሰዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነታቸው እሱ መቀለዱን ያውቃል፣ እነሱ ግን የሚያጽናኑ ይመስላቸዋል። ብርቱካን ይዘው መምጣታቸው ቃሉን አይለውጠውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴ ትጸልያለች። አጭር ናት ጸሎቷ፤ የምሰማው «ዛሬንም ያዘኝ» ስትል ነው። «እሱም ተቸንክሮ ነው የጸለየው። እኔ ታስሬ ብጸልይ አይንቀኝም» ትላለች። እንድትፈወስ ትለምናለች ወይ ካልከኝ፣ ትለምናለች። ባይሆንላትም እንዳልተጣለች አሁን ታውቃለች፤ እሷን አይቼ እኔም ቀና ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ወቅሳኛለች፤ ለሚሰቅሉት ሰዎች ይቅርታ የለመነበትን መስመር ቶሎ አለፍከው ትለኛለች። አላለፍኩትም። ድምፄን ቀንሼ ነው ያነበብኩት።

አሁን የምፈልግብህን ልንገርህ። በሚቀጥለው ጉባኤ፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ፣ የወንድሜ ሚስት አልተፈወሰችም ብለህ ንገራቸው። ከማሽኑ አልተለየችም በል። የላክኋቸው ሰዎች ሊገድሏት ነበር በል። እምነቷ ግን እንዳለ ነው በል፤ ይህን ከልብህ ካላመንክበት አትበለው። ያን ቀን የሚያጨበጭብልህ አይኖርም። አንዳንዱ ተነሥቶ ይወጣል፤ ምናልባት መድረኩንም ትነጠቅ ይሆናል። ቻለው። ያን ዕለት የእሷን መነሣት ሰምቶ የእኔ እምነት ምን ጎደለው እያለ ቤቱ የገባ በሽተኛ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አለ። ለእሱ ስትል ቻለው። ካላደረግኸው እኔ መጥቼ ከኋላ ወንበር ተነሥቼ እናገረዋለሁ፤ እንደማደርገው ታውቃለህ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ስትነግራት ቁጭ ካለች በኋላ፣ ቀስ ብለህ ይሁን፤ እልል ያለችው ስለምትወደን ነውና በእልልታዋ እንዳታፍር ንገራት። ባለቤትህን አመስግንልኝ። ከእናንተ ቤት ለብቻዋ ደውላ «እትዬ፣ የሚሉት እውነት ነው?» ብላ የጠየቀች እሷ ብቻ ናት፤ ምን ተብሎ እንደተመለሰላት ጠይቃት። ትልቋ ልጅህ ፈተናዋን ማለፏን ሰምተን ደስ ብሎናል። ትንሹን፣ የወለቀው ጥርሱ እስኪበቅል ድረስ አፉን ሳይሸፍን ይሳቅ በሉልኝ።

ደብዳቤውን እዚሁ አጠገቧ ተቀምጬ ጨረስኩና አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «ከባድ ነው» አለች። ላለዝበው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አታለዝበው። ግን ና በለው። ሳይጮኽ አጠገቤ ይቀመጥ» አለችኝ።

ስለዚህ ና።

ታላቅ ወንድምህ

ከእጥበት ክፍሉ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር
ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፰ ቀን