የማይቆጠሩት አሥራ አራት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? እጅሽስ እንዴት ሆነ? በረኪናው ጣቶችሽን እንደሰነጣጠቀው ባለፈው ጽፈሽልኝ ነበር። ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሌላ ሰው ሰጠሽው? የሆስፒታል አንሶላ ታጥቦ መቼም አያልቅም፤ አንቺ ግን ታልቂያለሽና ለራስሽ እዘኚ። ወገብሽስ? እንቅልፍሽስ? አብረውሽ የሚኖሩት ሁለቱ ልጆች ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ተመስገን። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል፤ ጉልበቷ በደከመ ቁጥር ግን ምላሷ እየበረታ ነው። ባለቤቴም መንትዮቹም ጤናቸውን ናቸው።

"ልጄን ትኩሳት ይዟት ነበር አሉ፤ ለምን ደበቃችሁኝ?" ብለሽ የጻፍሽው ማክሰኞ ደረሰኝ። ከማን እንደሰማሽ አውቃለሁ፤ ጎረቤታችን ከፖስታ ቤቱ ትፈጥናለች። እታለም፣ ልጅሽ አልታመመችም። ትኩሳት የሚባል ነገር አልነበራትም። ትኩሳት ይዟታል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ እጽፋለሁ። የምጽፍልሽ ከትምህርት ቤቱ ኮሪደር፣ ከአምስተኛ "ሀ" በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ልጅሽ ውስጥ ተቀምጣ እየተፈተነች ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ገቡ፤ የተሰጣቸው አንድ ሰዓት ነው። እኔ እስካሁን አራት ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ትምህርት ቤቶች በቀለም መጠራት ጀምረዋል። በየዓመቱ አምስተኛ ክፍሎች በሙሉ አንድ ዓይነት የመመዘኛ ፈተና ይወስዳሉ። ያገኙት ሁሉ ተደምሮ ለተፈታኙ ቁጥር ይካፈልና ትምህርት ቤቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ይባላል። ቀለሙ ክብ ቆርቆሮ ላይ ተቀብቶ ዋናው በር ላይ ይሰቀላል። የኛ በር ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ ተሰቅሏል። ሳሙና ልገዛ ስወጣ እንኳ ባለሱቁ "የቀዮቹ አስተማሪ መጣ" ይላል፤ ቀልዱ ነው፣ ግን መልሴን ሳልቆጥር ነው የምወጣው። ዘንድሮም ቀይ ከሆንን ትምህርት ቤቱ ከሌላ ጋር ይቀላቀልና አርባ አንዳችንም መምህራን እንበተናለን።

እናም ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ሥራችን ሌላ ሆኗል። ስፖርት ቀረ፣ ሥዕል ቀረ። የሙዚቃ መምህሯ ልጆቹን የምታስተምረው መልስ መስጫው ላይ ያሉትን ክቦች ከመስመር ሳያስወጡ ማጥቆር ነው። የኔም ሒሳብ ሒሳብነቱ ቀርቶ ግምት ሆኗል፤ ከአራቱ መልሶች የማይመስሉትን ሁለቱን አስወጡ፣ ከቀሩት አንዱን ምቱ እላለሁ። ሁሉም ይመታሉ፣ ከልጅሽ በቀር። የማላውቀውን ለምን አጠቁራለሁ ብላ ባዶውን ትተወዋለች።

ሽማግሌዋ ብለን ስም ያወጣንላት በከንቱ አይደለም፣ ታውቂያለሽ። "አንድ አውቶቡስ አርባ ሁለት ሰዎች ይዞ ተነሣ" ስላት ሾፌሩ ተቆጥሯል ወይ ብላ ትጠይቃለች። መልሱን ካገኘች በኋላ ደግሞ በሌላ መንገድ ዞራ ትፈትሸዋለች። ልጅሽ ደካማ አይደለችም፣ ዝግተኛ ናት። ከአርባ ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ ስምንት ትሠራለች፤ አሥራ ስምንቱንም ታገኛለች። ሃያ ሁለቱ ባዶ ይቀራል። በኛ ዝርዝር ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ስሙ በቀይ ይሰመርበታል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በደንቡ መሠረት ከፈተና የቀረ ተማሪ አይቆጠርም፤ የቀሩት ከመቶ አምስት እስካልበለጡ ድረስም ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ሁለት መቶ ሰማንያ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች አሉን። ርዕሰ መምህራችን ሰብስቦን ካልኩሌተሩን ጫን ጫን አደረገና አሥራ አራት አለን። ሰባት ክፍል ስለሆነ ለየክፍሉ ሁለት ሁለት "ሕመምተኛ" ደረሰን፤ ልክ ጠመኔ እንደሚታደለው። በስብሰባው ላይ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። አንዱ መምህር ብቻ በሽታውንስ እኛ ነን የምንመርጥላቸው ብሎ ጠየቀ፤ ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፣ አልደብቅሽም።

በኔ ክፍል ሦስት ስም ተሰምሮበታል። አንደኛዋ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት፤ እሷን ጆሮ ደግፍ ይዟት ጉንጯ አብጦ በእውነት ተኝታ ስለነበር ኃጢአቴ በግማሽ ቀለለ። የቀሩት የጫማ ሰፊው ልጅና ልጅሽ ናቸው፤ ከነሱ አንዱን ማስቀረት ነበረብኝ። መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ሲያየኝ ደንበኛውን አስነሥቶ፣ መቀመጫውን በሽርጡ ጠርጎ አስቀመጠኝ። ለፈተናው ብሎ ሁለት አዲስ እርሳስ ገዝቷል፤ በራሱ ቢላ ቀርጾ በጋዜጣ ጠቅልሏቸዋል፣ ፈትቶ አሳየኝ። ልጅህን ያን ቀን ከቤት አታውጣው ልለው የሄድኩት እኔ የጫማዬን ተረከዝ አስመትቼ ተመለስኩ። ጫማዬ ደግሞ ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ ስመለስ መንገድ ላይ ነው ያሰብኩት። በየትኛው ልጅ ወላጅ ፊት ቆሜ ነው ይህን የምናገረው? በራፌ ላይ መጥታ የማትቆም፣ ዓይኔን የማታይ አንዲት እናት ብቻ አለች፤ እሷም አንቺ ነሽ። ልጅሽን የመረጥኳት እንዲህ ነው። ለራሴ ግን እንዲህ ብዬ አልነገርኩትም። የሰው ልጅ ከማስቀር የራሴን ላስቀር፣ ጨዋነት ይሄ ነው አልኩ። ደግሞ ከተበተንን የት እንደምመደብ አይታወቅም፣ ልጅቷ ከማን ጋር ልትኖር ነው፣ የማደርገውማ ለሷው ነው አልኩ። ምክንያት አላጠረኝም።

የፈተናው ዕለት ጠዋት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩና ትንሽ ያተኩስሻል፣ ዛሬ ተኚ አልኳት። የራሷን ግንባር ነካች፣ ቀጥላ የኔን ነካች። የኔ እንደሚብስ ነገረችኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔም እንደ አሳዳጊ "ትኩሳት ይዟታል" ብዬ ፈረምኩ፤ ትምህርት ቤት ደርሼ ደግሞ እንደ ክፍል ኃላፊ ወረቀቱን ከራሴ ተቀበልኩ። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ደህና ልጅ ተኝታ አገኘች። ነገሩን ስነግራት አልጮኸችም። እናቷ እዚህ በራፍ ላይ ቆማ ቢሆን ኖሮ አንተ ይህን ታደርገው ነበር ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ የምታቀርብልኝ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ አስቀምጣ ትሄዳለች።

ይኸው ርዕሰ መምህሩ በፊቴ አለፈ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሰላም አይለኝም፣ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አይቶ ይሄዳል። ፈታኟ ከሌላ ቦታ የመጣች ሴት ናት፤ የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አድርጋዋለች። ከዚህ ሆኜ የማየው የልጅሽን ጀርባና ሹሩባዋን ነው። የትኛው ገጽ ላይ እንዳለች አይታየኝም። ለማየት እየተነሣሁ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌ ከተበላሸብሽ ለዚህ ነው።

ሁለተኛ የፈተና ቀን እንዳለ ለልጆቹ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ማስታወቂያው መለጠፍ አለበትና ቢሮው በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ግን የመምህራን የቮሊቦል ውድድር ፕሮግራም በላዩ ላይ ተለጥፎበታል። ልጅሽ ደግሞ የማታነበው ወረቀት የለም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንኳ ከላይ እስከ ታች ነው የምታነበው። የታችኛው ወረቀት ጠርዝ ወጣ ብሎ አይታ ገልጣ አነበበችው። በሕመም የቀሩ ዛሬ ሐሙስ መፈተን ይችላሉ፣ አሳዳጊና የክፍል ኃላፊ ግን ይፈርሙላቸው ይላል። ከጸሐፊዋ ቅጹን ተቀብላ፣ ስሟንና ዕድሜዋን በማይነቀፍ ጽሕፈት ሞልታ፣ ቤት ድረስ ይዛልኝ መጣች። ሁለቱን የፊርማ ቦታዎች በጣቷ አሳየችኝ።

"አጎቴ፣ ያስቀረኸኝ እንደ ቲቸር ነው ወይስ እንደ አጎት?" አለችኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። እንደ ቲቸር ነው ብላት አጎቷ የት ነበር? እንደ አጎት ነው ብላትስ ምን ዓይነት አጎት ነኝ? ሁለቱም ቦታ ላይ ፈረምኩ። ፊርማዎቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም ቲቸር ነው የምትለኝ። ቲቸር ሻይ ልጨምርልህ ትለኛለች፣ በትሕትና። እታለም፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናታችን የወደቀች ጊዜ በራሱ መኪና ሆስፒታል ያደረሳት እሱ እንደሆነ አትረሺውም። ካልኩሌተሩን ወደኔ አዙሮ አሳየኝ። በሱ ግምት ከቢጫው መስመር ያለፍነው በነጥብ ስድስት ነው፤ አሥራ አራቱ ከገቡበት እንወርዳለን። ያንተዋ ብቻዋን ብትፈተን ግድ የለም፣ ግን እሷ ስትመጣ ሌሎቹ ይሰማሉ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰምተዋል። ሽማግሌዋ አንብባ ዝም የምትል መስሎሻል? በእረፍት ሰዓት በየክፍሉ ዞራ ለቀሩት ሁሉ ነግራለች። ዛሬ ጠዋት ስንደርስ በሩ ላይ አምስት ልጆች ከነወላጆቻቸው ቆመዋል። ከሷ ጋር ስድስት ሆኑ። አንዲት እናት ልጄ ምን ሆኖ ነበር ተብሎ ነው የቀረው ብላ ጠየቀችኝ። የኔ ክፍል ልጅ አይደለም፣ ባልደረባዬን ጠይቂ ማለት እችል ነበር። ምንም አልሆነም አልኳት። ርዕሰ መምህሩ አጠገባችን ነበር።

ስድስት ልጅ አማካዩን ምን ያህል እንደሚያወርደው በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ማካፈል ጀምሬ ነበር፤ አፍሬ ሰርዤዋለሁ፣ ብታይው አትገረሚ። ልንተርፍም ልንወድቅም እንችላለን። ብንወድቅ አርባ ሰው በኔ ምክንያት ተበተንን ይላል፤ ከነሱ ውስጥ ሦስቱ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ናቸው። ቀላል ነገር አድርጌ አልቆጥረውም።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጅሽ ከኔ ጋር እንድትቆይ ካልፈለግሽ ንገሪኝ፤ ሻንጣዋን ራሴ ተሸክሜ እናታችን ጋ አደርሳታለሁ፣ አልከራከርሽም። ግን አደራሽን ያልጠበቅሁት አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ መሆኑን ከኔ እንድትሰሚው ፈልጌ ነው። ስላስቀረኋት ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ይቅር በይኝ። እኔ ራሴን ገና ይቅር አላልኩም።

ደወለ። ልጆቹ መውጣት ጀመሩ፤ አምስቱ ወጡ። ሽማግሌዋ የመጨረሻ ናት፣ ፈታኟ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብላት እርሳሷን እስክትሰበስብ ቆማ ትጠብቃታለች። አሁን ወጣች። ስንት ሠራሽ ብዬ መጠየቅ እንደሌለብኝ እያወቅሁ ጠየቅኋት።

"አልቆጠርኩም" አለችኝ። "ከመጨረሻው ነው የጀመርኩት። ሁልጊዜ እሱ ጋ ሳልደርስ ይሰበሰባል፤ ምን እንደሚል ማየት ፈልጌ ነው።"

ምን ይላል አልኳት። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ጥያቄውን ከነመልሱ፣ ከነሌላው መንገዱ ስታስረዳኝ ክፍለ ጊዜዬ አለፈብኝ።

እናታችን ቅባቱን ለማንም እንዳትሰጪ ብላለች፣ ትስምሻለች። ባለቤቴ በጣም ትናፍቅሻለች፤ ከኔ ይልቅ ካንቺ ጎን መሆኗን ጻፍላት ብላኛለች። መንትዮቹ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው ይላሉ። አብረውሽ ላሉት፣ ለሳቂታዋም ለኩርፍተኛዋም፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የልጅሽን ሰላምታ ግን እኔ አላቀብልሽም፤ የሆነውን ሁሉ ራሷ ልትጽፍልሽ ነው፣ እኔም አላየውም። ይዘገይብሻል። እኔ ያልሰጠኋትን ጊዜ አንቺ ስጫት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከአምስተኛ "ሀ" በር ፊት ለፊት፤ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል