ጠመኔ ላስበላኝ ደም ባንክ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የደም ባንኩ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት ቢሮ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽዎ የማይቆራረጥ፣ ጸጉርዎ ከማበጠሪያው ጋር አብሮ የማይመጣ፣ ሌሊትም እግርዎ አልተኛም ብሎ የማያስቸግርዎ እንዲሆን ከልቤ እመኝልዎታለሁ። እነዚህን መርጬ የተመኘሁልዎ እኔ ዘንድ ስለጠፉ ነው፤ ቢያንስ አንዳችን ጋ ይኑሩ ብዬ።

እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። ደሜ ከስንት አንድ ሰው ላይ የሚገኝ፣ ለማንም የሚሆን ዓይነት መሆኑን ከነገራችሁኝ ጊዜ ጀምሮ፣ በየሦስት ወሩ ስትጠሩኝ አቤት እያልኩ ዓመታት አለፉ። በመስጠቴ አልጸጸትም፤ በወሊድ ደም የፈሰሳት አንዲት እናት በእኔ ደም ተርፋ ከሆነ እሰየው። ዛሬ የምጽፍልዎ ያደረጋችሁልኝን ሁሉ በቅደም ተከተል ለማመስገን ነው፤ ጽሑፌ ቢንዛዛ ይታገሡኝ፣ በየመስመሩ ዐረፍ እያልኩ ነው የምጽፈው።

1ኛ. ስለ ሰማያዊው ውኃ አመሰግናለሁ። በመጣሁ ቁጥር የጣቴን ጫፍ ወጋ አድርጋችሁ ጠብታዋን እዚያ ውኃ ውስጥ ትጥሏታላችሁ፤ ከሰጠመች ደሜ ለመስጠት ይበቃል ማለት ነው፤ ስትሰጥም ነርሷ «እናቴ፣ ጎበዝ! ደምዎ እኮ እንደ ድንጋይ ነው የወረደው!» ትለኛለች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ደረቴን ነፍቼ ክንዴን እዘረጋለሁ። ያ ውኃ የሚያየው በደም ሥሬ የሚዞረውን ብቻ መሆኑን፣ ሰውነቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ብረት ግን እንደማያይ፣ ከእናንተ ቤት አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

2ኛ. ስለ ጠመኔውም እጅግ አመሰግናለሁ። ጨርቅ ላይ የማሰምርበት ጠመኔ አንድ ቀን ሽታው አማረኝ፤ መጀመሪያ ላስ አደረግሁት፣ ቀጥሎ ቆረስ አደረግሁ፣ ኋላማ ሱቁ ውስጥ ጠመኔ አልበረክት አለ። ቁልፍ የምትተክለው ባልደረባዬ ከንፈሬ ላይ ነጩን አይታ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ አረገዝሽ እንዴ?» ብላ ሱቁን በሳቅ ሞላችው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባና የልጆቼ አባት ራቱን ትቶ ሆዴን ሲያይ አመሸ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ እርግዝና የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አየና «ጎተራሽ ባዶ ነው፤ ብረት የለሽም» አለኝ። ጠመኔ የሚያስበላኝም፣ እግሬን የሚያንቀዠቅዠኝም፣ ክር ይዤ ከመርፌው ፊት የሚያፈዘኝም እሱ ነው አለ። ደም እየሰጠሁ መኖሬን በኩራት ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠና «የወር አበባሽ ገና አልቆመም፤ በዚያ ላይ ይህን ሁሉ ስትሰጪ የብረት እንክብል ውሰጂ ያለሽ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ለክብርዎ ስል አለ ብዬ ልዋሽልዎ ነበር፤ እሱም ጉልበት ይጠይቃል፣ ተውኩት።

3ኛ. ከሰጠሁ በኋላ በብስኩት ስለምታቀርቡልኝ ትኩስ ሻይ አመሰግናለሁ። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ እንደሚያግድ የነገረኝ ያው ሐኪም ነው። የወሰዳችሁት ተመልሶ እንዳይገባ ይህን ያህል መጠንቀቃችሁ ያስደንቃል።

4ኛ. «ደምዎ ተተክቷል፤ ይምጡ» ብሎ በስልኬ ለሚመጣው መልእክት አመሰግናለሁ፤ ስለ ሰውነቴ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የእኔ ነው፤ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንክብሌን እየዋጥኩ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የደወላችሁት ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤቷ መጥታችሁ ደሟን ስትመረምሩ ደሜን ወርሳ ተገኘች። ቀጭን ናት፤ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትሄደው። ስልኩን ዘግታ «እማዬ፣ እኔንም ፈለጉኝ እኮ!» ስትለኝ ፊቷ በርቶ ነበር። ያንን ፊት እያየሁ አትሂጂ ማለት አልቻልኩም፤ ሂጂ ማለትም አልቻልኩም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ አትጥሯት አልልም። መርፌ ሳይነካት በፊት በሰውነቷ ያለውን ብረት መርምሩላት፤ አነስተኛ ከሆነ በደግ ቃል ወደ ቤቷ መልሷት፤ ከሰጠችም እንክብሉን በእጇ ስጧት፣ የሚቀጥለውንም ቀጠሮ አርቁላት። ለእኔ ያልነገራችሁኝን ሁሉ ለእሷ ንገሯት። ይህን ለመጠየቅ ደረጃችሁን ሁለት ጊዜ ወጥቼ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ፣ በግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈውን ፈገግ ያሉ ለጋሾች ፎቶግራፍ አይቼ ተመልሻለሁ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፤
በእናንተ ዘንድ ቋሚ ለጋሽ፣ በሐኪሙ ዘንድ የብረት እጥረት ያለባት፣ በቤቷ እናት የሆነች
አንዲት ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ልጄ ሰኞ ጠዋት ትመጣለች፤ እኔም አብሬያት እመጣለሁ። ብረቷን ሳትለኩ መርፌ ካነሣችሁ ከአልጋው ላይ አስነሥቼ ይዣት እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ በሬዲዮ ቀርበው ለጋሽ ጠፋ ብለው ሲያዝኑ፣ የሰው ደግነት ቀነሰ እንዳይሉብን አደራ፤ የቀነሰው ምን እንደሆነ ለክተው አያውቁምና።